ከጀርባው ምን አለ?

በየቤቱ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚያመሽ ልጅ አለ። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም የሚያደርገው። አንዱ ሌላ ሰው የሠራውን ሲያይ ያመሻል፤ ሌላው ራሱ ይሠራል። ዛሬ ስለ ሁለተኛው ላጫውታችሁ።

የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ናሩቶ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን አጥብቃ ትወዳለች። ማሳሺ ኪሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በመጽሔት ማውጣት የጀመረው፣ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ በቴሌቪዥን የታየ ታሪክ ነው። ብርቱካናማ ልብስ ለብሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሚሮጥ ልጅ አለበት። እሷና ጓደኞቿ የዚህን ልጅ ተንቀሳቃሽ ምስል ወስደው ባክግራውንድ ያደርጉለታል፤ ሙዚቃ ጨምረው አጭር ቪዲዮ ይሠራሉ። ወንድሜ “ፈተና ደርሶ ካርቱን ትለጣጥፋለች!” ብሎ ስልኩንም ላፕቶፑንም ሊቀማት ተነሣ። እኔ “ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የምትሠራውን እንይ” አልኩት።

ጂፍ የሚባለውን የምስል ዓይነት ኮምፒዩሰርቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው። የሚንቀሳቀሰው ምስል ተራ በተራ የሚታዩ ሥዕሎች ጥርቅም ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። ልጅቷ ጊምፕ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍታ፣ ያነሣችውን ፎቶ ከሁሉም ሥር አስገባች። ስታጫውተው ፎቶው ብልጭ ብሎ ጠፋ። “አክስቴ፣ ለምንድን ነው የሚጠፋው?” አለችኝ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ንጣፍ እንደ አንድ ፍሬም ስለሚቆጥር፣ ፎቶውም አንድ ፍሬም ብቻ ሆኖ ተራው ሲደርስ ታይቶ ያልፋል። መፍትሔው ፎቶውን በየፍሬሙ ሥር እያባዙ ማስገባትና ከፍሬሙ ጋር ማጣመር ነው። “ትዕግሥት የላትም” የምትባለው ልጅ አንድ በአንድ ጨረሰችው።

ቀጥሎ በፀጉሩ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ታየ። በጂፍ ውስጥ አንድ ነጥብ ወይ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ወይ ጨርሶ አይታይም፤ ግማሽ ብሎ ነገር የለም። ነጭ ላይ የነበረ ምስል ሲቆረጥ ነጩ እንደ ክር ዳር ዳሩን ይቀራል። ጨለማ ሌሊት ላይ ካስቀመጡት ያጋልጣል፤ ፈካ ያለ ሰማይ ላይ ግን ብዙም አያስታውቅም።

ሌላም አለ። ልጁ ባለበት ሆኖ ነው የሚሮጠው፤ ወደ ፊት የሄደ እንዲመስል ባክግራውንዱ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ስታዩ የመንገድ ዳር ምሰሶው እየተወረወረ ያልፋል፤ ሩቅ ያለው ተራራ ግን አብሯችሁ የሚጓዝ ይመስላል። የቅርቡን በፍጥነት፣ የሩቁን በዝግታ ማንቀሳቀስ ነው ዘዴው። ዋልት ዲዝኒም እ.ኤ.አ. በ1937 ስኖው ዋይትን ሲሠራ፣ በመስታወት ላይ የተሳሉ ሥዕሎችን ደራርቦ በሚያነሣ ካሜራ ይህንኑ ጥልቀት ፈጥሯል።

እኔ በወጣትነቴ ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። አበባና ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ነበረን። ደንበኛው ከመቀመጡ በፊት “የትኛው ይሁንልህ?” ብለን እንጠይቅ ነበር። ፊቱ የራሱ ነው፤ የት እንደቆመ የሚናገረው ግን መጋረጃው ነው። የልጆቹም ሥራ ይኸው ነው። ናሩቶ የሌላ ሰው ፈጠራ ነው፤ የሚሮጥበትን አገር የምትመርጠው ግን እሷ ናት። የእሷ የሆነው ነገር እዚያ ላይ ነው ያለው።

ወላጅ ዓይኑን መጣል ያለበትም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ የመረጠችው ፎቶ የራሳቸውን በር ነበር። የቤት ቁጥሩ ይነበባል፤ ታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ለብሶ ቆሟል። “ይህን የማያውቀን ሰው ቢያየው ምን ምን ያውቃል?” ብዬ ጠየቅኳት። ዝም ብላ አየችውና ራሷ አጠፋችው። በምትኩ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አንሥታ መጣች።

ይህን ሁሉ ወንድሜ ከጀርባችን ቆሞ ሲያይ ነበር። በመጨረሻ “ፀሐዩ በግራ ከሆነ የልጁ ጥላ ለምን ወደ ግራ ወደቀ?” አለ። ልጅቷ አባቷን ቀና ብላ አየችውና ጥላውን አዞረችው። ከዚያ ወዲህ ስምምነታቸው ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ጥናት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ቪዲዮ። ስልኩም ላፕቶፑም አልተቀማም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ “ዝጋው!” ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ። ፎቶው ላይ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ የትምህርት ቤት ስም ወይም ያልተፈቀደ የሰው ፊት እንዳይኖር አብራችሁ ተመልከቱ። ገጸ ባሕርዩም ሙዚቃውም ባለቤት እንዳላቸው ንገሩት፤ ለጨዋታ ይሁን እንጂ ለሽያጭ አይሁን። ከዚያም “ይህ ልጅ የት ነው ያለው? ወዴትስ ነው የሚሮጠው?” ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ውሎው ስትጠይቁት “ምንም” ብቻ የሚላችሁ ልጅ፣ ስለዚህ ከጠየቃችሁት ብዙ ያወራችኋል።

ሳምንት ሰው ይበለን!