ባህር የለንም ያለው ማነው?

ዘንገና ዳር ቆሞ ስለ ጄሊፊሽ ማውራት ለብዙ ሰው ቀልድ ነው። “ባህር የሌለው ሀገር ሰው ስለ ኮራል ምን አገባው?” ይሉኛል። ይቺን ጥያቄ ከአስተማሪም፣ ከጓደኛም፣ ታክሲ ውስጥ ከሚከራከር ሰውም ሰምቻታለሁ። ጥያቄ ትመስላለች እንጂ ጥያቄ አይደለችም። ላለማወቅ የተሰጠች ፈቃድ ናት። ዛሬ የምጣላው ከእሷ ጋር ነው።

መጀመሪያ እንተዋወቅ። ጄሊፊሽ፣ ኮራል፣ የባህር አኒሞን እና ሃይድራ ዘመዳሞች ናቸው። ሳይንሱ ናይዳሪያ ይላቸዋል፤ ከ10 ሺህ በላይ ዝርያ አላቸው። አንጎል የላቸውም፣ ደም የላቸውም፣ የሚበሉበትም የሚያስወጡበትም ቀዳዳ አንድ ነው። የቡድኑ ስም የመጣው ሳማን ከሚጠራው የግሪክ ቃል ነው። የአዊ ልጅ ደግሞ ሳማ ማለት ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም! የሚናደፈው ህዋሳቸው ውስጥ የተጠቀለለ ክር አለ፤ ሲነካ ይወረወራል። በሃይድራ ላይ ሲለካ ይህ የሚሆነው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው። እና ይሄ ነው “እኛን የማይመለከተን”?

አሁን ወደ “ባህር የለንም” እንምጣ። ከእንጅባራ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ከደጀን ወደ ጎሃ ፅዮን ሲሻገር የአባይን በረሃ ይወርዳል። በመስኮት የሚያየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባህር ወለል ነበር። በውስጡ ዛጎል አለ፣ የኮራል ቅሪትም አለ። ጫት እየቃምን፣ ሙዚቃ ከፍ አድርገን፣ በባህር መሃል እናልፋለን፤ ከዚያ አዲስ አበባ ደርሰን “እኛ እኮ ባህር የለንም” እንላለን።

ያ ሩቅ ነው ካላችሁ ቅርቡን ልንገራችሁ። የአፋር ደንከል ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከ100 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ቀይ ባህር ወደዚያ ገብቶ ነበር፤ በዳርቻው ላይ ኮራል አድጓል፣ የደረቀው ሪፍ ዛሬም በረሃው ላይ ይታያል። ባህሩ ሲቋረጥ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ያ ጨው አሞሌ ሆኖ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ እስከ ጎጃም ገበያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት ኖሯል። አያቶቻችን በባህር ነው የገዙት የሸጡት። “ምን አገባን?” ለሚለኝ መልሴ ይሄ ነው፦ ገንዘባችን ነበር።

“እሺ፣ ያለፈው አለፈ፤ አሁንስ?” አሁንማ እነዚህ ፍጥረታት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ብቻ ነው የሚኖሩት ያለው ማነው? ሃይድራ የሚኖረው በጨው አልባ ውሃ ነው። በ1740ዎቹ አብርሃም ትሬምብሌይ ሃይድራን ቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ሙሉ እንስሳ ሆኖ ሲያድግ አይቷል። በ1880 ለንደን ውስጥ፣ ከባህር ርቆ፣ የውሃ አበባ በሚያድግበት ገንዳ ውስጥ ጄሊፊሽ ተገኘ። ያቺ ዝርያ ዛሬ ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር አለች። የእኛው አህጉር ታንጋኒካ ሐይቅም የራሱ ጄሊፊሽ አለው። ደግሞስ አማርኛችን ራሱ ባህርንና ሐይቅን መች በጥብቅ ለየ? ባህር ዳር የማን ዳር ናት?

ዘንገና በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ 166 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ሐይቅ ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ሊያይ የመጣ እንግዳ ሁሉ ጎራ ብሎ ፎቶ ይነሳበታል። “ዋው፣ እንዴት ያምራል!” ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ያምራል። ግን ስለ አንድ ውሃ የምናውቀው ማማሩን ብቻ ከሆነ አናውቀውም። የማናውቀውን ነገር ደግሞ ሲጎዳም አናይም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ከባዱን ክርክር አልሸሽም። “ሰው ሰላም አጥቶ፣ ዘይት ተወዶ፣ አንተ ስለ ጄሊፊሽ?” እውነት ነው፣ ሆድ ይቀድማል። ግን ኦሳሙ ሺሞሙራ የጄሊፊሽን ብርሃን ሲመረምር ምን እንደሚጠቅም አልጠየቀም። በ1962 ይፋ ያደረገው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን በኋላ ተመራማሪዎች የካንሰርን ህዋስ በዓይን የሚከታተሉበት መሣሪያ ሆነ፤ በ2008 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ድሃ ሀገር የማወቅ ጉጉት አያምርባትም የሚል ሰው ድህነታችንን እያራዘመ ነው።

ስለ ባህር በር ሌት ተቀን ለምንጨቃጨቀውም አንድ ቃል አለኝ። በሶሻል ሚዲያ ባህር ማለት ወደብ፣ መርከብና ኮንቴይነር ብቻ ሆኗል። ኮራል ከባህር ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ ግን ከባህር ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በእሱ ይኖራሉ። ውሃው ሲሞቅ ኮራሉ አብሮት የሚኖረውን፣ ምግብ የሚሰጠውን አልጌ ያስወጣና ይነጣል፤ በ2024 እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ንጣት ለአራተኛ ጊዜ ታውጇል። ባህርን በካርታ ላይ ብቻ የሚወድ ሰው ስለዚህ ግድ የለውም።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የእንጅባራ ተማሪዎች፣ የባዮሎጂ መምህራን፦ ሃይድራን ከመጽሐፍ ሥዕል ላይ መሸምደድ ይብቃ። ከሐይቅም ከወንዝም ዳር የውሃ ተክል ቅጠል ቁረጡ፣ ከነውሃው ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ በብርሃን ተመልከቱ። የምትፈልጉት ጥቂት ሚሊሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ክንዶች ያሉት ቀጭን ክር ነው፤ ሲነኩት ኩርምት ይላል። አንድ ማይክሮስኮፕ ካለ ደግሞ ወረፋ ያዙ። ባታገኙ እንኳ ፈልጋችሁ ነው ያጣችሁት፤ ሳይፈልጉ “የለም” ከሚሉት ጋር አትቆጠሩም።