የሰው ስናማስል የራሳችን እንዳያር

አሮጌ የኮምፒዩተር ሥዕል እንደገና ፋሽን መሆኑን ልብ ብላችኋል? እኔ በምኖርበት በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በልጆች ቲሸርትና በስልክ መሸፈኛ ላይ ጠርዙ እንደ ደረጃ የተሸረፈ ቀይ ልብ፣ ወይም በካሬ በካሬ የተሠራ ማሪዮ አይጠፋም። የሚገርመው አብዛኞቻችን እነዚያ ሥዕሎች ሲሠሩ አልተወለድንም። ያልኖርንበትን ዘመን ነው የምንናፍቀው።

ናፍቆቱ በራሱ ክፋት የለውም። ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ስክሪኑ ቢበዛ 320 በ200 ነጥብ፣ ቀለሙም 16 ብቻ ነበር። ሠዓሊው እያንዳንዷን ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ መቁጠር ነበረበት። ጃፓናዊው ሺገሩ ሚያሞቶ ማሪዮን ባርኔጣ ያለበሰው በዚያች ጠባብ ቦታ ፀጉር መሣል ስላስቸገረው ነው፤ ጢሙም አፍ ከመሣል ገላግሎታል። ሱዛን ኬር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው ማኪንቶሽ ምስሎቹን መጀመሪያ የነደፈችው በካሬ ወረቀት ላይ ነው። ይሄ ለእኛ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ሸማኔውም እኮ ጥለቱን የሚያወጣው ክር ቆጥሮ ነው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሰዎቹን ታሪክ ይህን ያህል ካወቅን የራሳችንን ለምን አናውቅም? ያኔ ብዙዎቹ የቤት ኮምፒዩተሮች ለአንድ ፊደል የሚሰጡት 8 በ8፣ በጠቅላላው 64 ነጥብ ነበር። ይህ ለ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይበቃል። የእኛ ግን 33 ሲባዛ በ7፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ 231 ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየውም ብዙ ጊዜ አንዲት ጭረት ወይም አንዲት ቀለበት ናት። ከ"ሄዱ" ላይ ያቺ የ"ዱ" ጭረት ከጠፋች "ሄደ" ይሆናል፤ የሄዱት ብዙ ሰዎች ድንገት አንድ ሰው ሆነው ቁጭ! ስለዚህ ለእኛ ፒክስል ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የመነበብና ያለመነበብ ጉዳይ ነበር።

ይህን ችግር ከተጋፈጡት መካከል በ1980ዎቹ አሜሪካ ሆነው የሠሩት ፍሥሐ አጥላውና የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ ይገኙበታል። ቀጥሎ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች መጡና ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጡት። ብልኃቱ ለጊዜው ሠራ። ችግሩ ግን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ ያለፈውን ፋይል ግን ማንም መጥቶ አልለወጠልንም።

"አሮጌና አስቀያሚ ፊደል ምን ያደርግልናል? አሁን ጥርት ያለ አለን" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እነዚያ ሰዎች ካሬውን ወደው አልመረጡትም፤ የተሻለ ቢያገኙ ይጥሉት ነበር። ነገር ግን በዚያ ፎንት የተጻፈው ዜና፣ ደብዳቤና መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ማሪዮን ዛሬም መጫወት የሚቻለው ጨዋታው እየተገለበጠ ስለቆየ ነው። የእኛን ፍሎፒ ማን ገለበጠው? የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆነን የሃያና የሠላሳ ዓመት የአማርኛ ጽሑፍ መክፈት ካልቻልን፣ ስለ ታሪክ የምንጽፈው ከምን ተነሥተን ነው?

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። መምህራን በየመሳቢያችሁ ያለውን ፍሎፒና ሲዲ አትጣሉ። ተማሪዎች ደግሞ በየሰፈራችን ያሉትን የቆዩ ጽሕፈት ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች እንጠይቅ። የተገኘውን ወደ ዩኒኮድ እንለውጥ፤ ዋናውንም ፋይል ከነፎንቱ እናስቀምጥ፤ የድሮው ስክሪን ምን ይመስል እንደነበርም ፎቶ እናንሳ። ሥራው ከዚሁ ከመጽሔታችን የቀድሞ እትሞች ቢጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። ቲሸርቱን እንልበስ፣ ማንም አይከለክለንም። ከማሪዮ ጎን ግን በ64 ነጥብ የተሣለች አንዲት "ሀ" ብትታተም እኔ በበኩሌ ቀድሜ እገዛለሁ።