የወንጂን ውሃ ቨርጂኒያ ላይ ላስረዱኝ መምህርት

ውድ መምህርቴ፣

በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ምስጋና ደርሶዎታል። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ደግሞ እርስዎን በአገሬ ሰው ፊት ማመስገን ስለፈለግሁ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የአገሬ ልጅ የሌለበት ሠፈር ማግኘት ይከብዳል፤ እኔ በገባሁበት በር ለመግባት የሚያስቡም ብዙ ናቸው።

የጥርስ ሐኪም ረዳትነት ሥልጠና የገባሁት ለእንጀራዬ ብዬ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጁ ለቤቴ ይቀርባል፣ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ ይቀላል፣ ሥልጠናውም አራት ዓመት አይፈጅም። ሥራውን አገኘሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያላሰብኩት ግን የራሴንና የወገኖቼን አፍ እርስዎ ክፍል ውስጥ መረዳቴ ነው።

ያደግሁት ወንጂ ነው። እዚያ ተወልደን ያደግን ብዙዎቻችን ጥርሳችን ቡናማ ነው፤ የአንዳንዱ ነጭና ቡናማ መስመር አለው፣ የአንዳንዱ ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓድ። አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ መፋቂያ ይሰጡን ነበር፤ ጥርሳችንን የማንፍቅ መስሏቸው። ስንስቅ ሴቶቹ በነጠላችን ጫፍ፣ ወንዶቹ በእጃቸው አፋቸውን መሸፈን ለመድን። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ የተነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ እንኳ ከንፈሬ እንደተገጠመ ነው።

ስለ ፍሎራይድ ባስተማሩበት ሳምንት መጀመሪያ ያሳዩን የኮሎራዶ ሰዎችን ጥርስ ነበር። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም በፈረንጆቹ 1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ገብቶ ሥራ ሲጀምር እዚያው ተወልደው ያደጉ የብዙ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ፍለጋ ሠላሳ ዓመት ደከመ። በ1931 ቸርችል የተባለ የአንድ አሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት ውሃውን መርምሮ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ መሆኑን ደረሰበት። ማኬይ ግን ከዚያ በፊት ያስተዋለው ሌላ ነገር ነበር፤ እነዚያ ቡናማ ጥርሶች እንደሌላው ሰው ጥርስ ቶሎ አይቦረቦሩም። ልኩ ከተጠበቀ ፍሎራይድ ጥርስን እንደሚጠብቅ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1945 የሚሺጋኗ ግራንድ ራፒድስ ፍሎራይድ በልኩ ውሃዋ ላይ ጨምራ ለሕዝቧ ማጠጣት ጀመረች። አሁን አሜሪካ ውስጥ የሚመከረው በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ1.5 እንዳያልፍ ይላል።

ቀጥለው ያወጡት ካርታ የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ነበር፤ ወንጂም ያለችው እዚያው ውስጥ ነው። የእሳተ ገሞራው አለት ፍሎራይዱን ወደ ጉድጓድ ውሃ እንደሚለቀው፣ አንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የሚለካው መጠን ከተባለው ልክ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ነገሩን። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ገና መንጋጋ ውስጥ ሳለ፣ የላይኛው ሽፋኑ በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ነው። ከወጣ በኋላ የቱንም ያህል ቢፋቅ አይለቅም። ይህን ስሰማ እናቴ በከሰል ዱቄት ጥርሴን እያሸች የደከመችበት ጊዜ ሁሉ ታወሰኝ። ልጇ ንጹሕ እንድትባል ስትለፋ የሚያጠፋው ነገር የሚቀዳው ከቧንቧው ነበር፤ ማን ይንገራት!

ያን ቀን በእረፍት ሰዓት ብቻዬን ጠርተው፣ ፈቃደኛ ከሆንኩ ክፍሉ ከእኔ ጥርስ እንዲማር ጠየቁኝ። እምቢ ብል ማንም እንደማያውቅ አስቀድመው ነገሩኝ። ያ አጠያየቅ ነው እሺ ያሰኘኝ። ወንበሩ ላይ ተጋደምኩ፣ መብራቱ በራ፣ የክፍል ጓደኞቼ ተራ በተራ መስታወት ይዘው አጎነበሱ። እርስዎ ቁጥሩን እየጠሩ አስመዘገቡ፤ 8 እና 9፣ ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶች፣ ፍሎራይድ በጥርስ ላይ ያደረሰው ጉዳት፣ ፍሎሮሲስ፣ በሚመዘንበት በዲን መለኪያ መካከለኛ። ከዚያ ወደ መንጋጋ ጥርሶቼ አለፉ፤ አንድም የተቦረቦረ አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን ስሸፍነው የኖርኩት ጥርስ መዝገብ ላይ ምክንያቱና ደረጃው ተጽፎለት አየሁት። ለዚህ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ሌላውን ትምህርትማ ዘርዝሬ አልዘልቀውም። ሐኪሙ ዓይኑን ከታካሚው አፍ ሳይነቅል እጁን ሲዘረጋ መሣሪያው አቅጣጫውን ይዞ ጣቶቹ መሃል እንዲገባ፣ ሳክሽኑ ምላስን ሳይጎትት ውሃውን ብቻ እንዲስብ፣ የእኔ ወንበር ከሐኪሙ ወንበር ለምን ከፍ እንደሚል፣ ሁሉንም እጃችንን ይዘው ነው ያስተማሩን። መሣሪያ የምናመክንበት አውቶክሌቭ ስለሞቀ ብቻ እቃው ንጹሕ ነው ብለን እንዳናምን፣ በየሳምንቱ በስፖር እንድንፈትነው ያስጠነቀቁንን ዛሬም አንድ ሳምንት አላሳልፍም።

የራጁ ትምህርት ግን ለብቻው ይነሣ። የጀመሩልን በኤድመንድ ኬልስ ነበር። የኒው ኦርሊንሱ ሐኪም በ1885 ሴት ረዳት በመቅጠሩ የሙያችን ታሪክ ብዙ ጊዜ ከእሱ ይጀምራል፤ ያኔ ሴቶች ያለ አጃቢ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ የቻሉት ውስጥ ሌላ ሴት በመኖሯ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀድመው የጥርስ ራጅ ካነሱት አንዱም ይኸው ሰው ነው። ማሽኑን የሚያስተካክለው የገዛ እጁን ጨረሩ ፊት እያደረገ ነበርና ካንሰር ጣቶቹን፣ ቀስ በቀስም ክንዱን ወሰደበት፤ በ1928 በዚያው ስቃይ ሕይወቱ አለፈ። ቨርጂኒያ ውስጥ ረዳት ራጅ ለማንሳት የጨረር ደህንነት ሥልጠና ወይም ፈተና ማለፍ አለባት። የእርስዎን ተማሪ ግን ሕጉ ባያስገድዳትም ኬልስ ያስገድዳታል። ከግድግዳው ጀርባ ሳልሆን ቁልፉን አልጫንም፤ ሕፃን ቢያስቸግር እንኳ ሴንሰሩን በእጄ አልይዝለትም።

በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ ደግሞ አንዲት ጎንደሬ እናት መጡ። አፋቸውን ሲከፍቱ የላይኛው ድዳቸው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሐኪሙ መብራቱን አስጠግተው ደጋግመው አዩት፤ ናሙና ተወስዶ ይታይ ይሆን እያሉ ሲያስቡ ገባኝ። እርስዎ ረዳት በሽታ አትመረምርም፣ ያየችውንና የሰማችውን ግን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለሐኪሙ ትነግራለች ብለውን ነበር። ስለዚህ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ድድዎን ተነቅሰው ነው?»

«ኧረ አዎ ልጄ! ለሠርጌ ነው፣ በእሾህ፣ በጥላሸት። ምነው፣ ችግር አለው?»

የነገሩኝን እንዳለ ተረጎምኩ። ሐኪሙ ሰምተው፣ ሌላውን ሁሉ መርምረው፣ ንቅሳት ብለው መዘገቡ። እማማም ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ፊታቸው በርቶ ነበር። የሠርጋቸውን ወግ ይዘው መጥተው የበሽታ ስጋት ተሸክመው አልተመለሱም።

ግግ ስለማስወጣት ልማድም እናቶችን ማነጋገር ጀምሬያለሁ። ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ድዱን ሰንጥቀው የሚያወጡት «ትል» ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ መሆኑን፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ክራንቻም ሊያበላሽ እንደሚችል የማስረዳቸው እርስዎ ባስተማሩኝ የጥርስ አበቃቀል ሥዕል ነው። አንዳንዷ እናት ትቆጣለች፣ አንዳንዷ ሥዕሉን በስልኳ ታነሳዋለች።

ቀጣዩ እቅዴ አገር አቀፉን የረዳቶች ፈተና ወስጄ በቨርጂኒያ የሁለተኛ ደረጃ ረዳት ሆኜ መመዝገብ ነው። ለዚያም የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፉልኝ ቃል ገብተውልኛል። እኔም ቃል የገባሁልዎትን አልረሳሁም። የእማማን ድድ ፎቶ፣ ፈቃዳቸው በፊርማቸው ተያይዞበት፣ ለመጪው ክፍል ማስተማሪያ ልኬልዎታለሁ። የእኔንም የጥርስ ፎቶ አብሬ አድርጌዋለሁ፤ ከፍሎራይዱ ካርታ ጋር ያሳዩት። ወንጂ ያደገች ናት ብለው ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ ተማሪዎ