«ካላመንከን ተወው»፦ የአዳኝ ውሾች ማህበርና የ200 ዶላሩ ጥያቄ

ዛሬ ትንሽ ወጣ ያለ ርዕስ ይዘን መጥተናል፤ ስለ ውሻ ነው። ማለት፣ ውሻው መነሻ ነው እንጂ ነገሩ ስለ ብር ነው። (ከታች የምታዩዋቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ተከታያችን በውስጥ መስመር ጻፈልን። ስራ ቦታ ከተዋወቃቸው አሜሪካውያን ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጥንቸል አደን ይወጣል። ቢግል የሚባለውን፣ ጆሮው የተንጠለጠለ ትንሽ ውሻም ገዝቷል። እናቱ አዲስ አበባ ሆና ስትሰማ «ውሻ እየተከተለ ጫካ ለጫካ እንዲሮጥ ነው እንዴ አሜሪካ የላክሁት?» ብላ ስቃ አልቻለችም አሉ። አሁን እነዚህ ሰዎች የአዳኝ ውሻ ባለቤቶች ማህበር ሊያቋቁሙ ነው፤ ለትርፍ ያልተቋቋመ። መስራች አባል ለመሆን 200 ዶላር። ብሩ የሚላከው በዜል፣ በአንዱ መስራች የግል አካውንት። ልጁ «መተዳደሪያ ደንቡን ማየት እችላለሁ?» ብሎ ግሩፑ ላይ ጠየቀ። የመጣለት መልስ ሁለት ቃል ናት፦ ካላመንከን ተወው።

እኛን የጠየቀን ደግሞ ይሄን ነው፦ «በመጠየቄ አጠፋሁ እንዴ? ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፈውኛል።»

ዝም ብለን «አላጠፋህም ወንድማችን» ብለን ልንመልስለት ነበር። ግን ነገሩን ቆፈር ቆፈር ስናደርገው እኛንም የሚነካ ሆኖ አገኘነው። ወደሱ እንመጣለን።

ሰዎቹ ማህበር ያማራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በውሻ ማደን ላለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታት በየግዛቱ እየጠበበ ነው የመጣው። ኮሎራዶ በ1992 ድብን በውሻ ማደን በሕዝብ ድምፅ ከለከለች። ኦሪገን በ1994፣ ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ1996 የተራራ አንበሳንም ጨምረው ተከተሉ። ካሊፎርኒያ በ2012 በሕግ አውጪው በኩል ድብን በውሻ ማሳደድ አስቀረች። በ2024 ኮሎራዶ ላይ የተራራ አንበሳ አደንን ጨርሶ የሚያስቆም ሐሳብ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር፤ ወደ 55 በመቶ የሚጠጋው መራጭ እምቢ ስላለ ወደቀ። ቨርጂኒያ ራሷ ውስጥ ደግሞ ሌላ ክርክር አለ። ውሻህ እያሳደደ የሰው መሬት ከገባ፣ መሳሪያህን ሳትይዝ ገብተህ እንድታመጣው ሕጉ ይፈቅድልሃል። የመሬት ባለቤቶች ይሄን ሕግ አይወዱትም፤ ውሻ ያላቸው ደግሞ እሱ ከተነሳ አደኑ አለቀ ባዮች ናቸው።

አደኑ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለጊዜው እንተወው፤ ኮሜንት ላይ እንደምትጨቃጨቁበት እናውቃለን። እኛ ማለት የፈለግነው ፍርሃቱ የእውነት መሆኑን ነው። ሰው ሲፈራ ደግሞ ኪሱን ቶሎ ይከፍታል። «ውሻህን አስረህ ልትቀመጥ ነው» ከተባልክ 200 ዶላር ምን አላት? እንዲህ ባለ ሰዓት «ደንቡ የታለ?» የሚል ሰው ጠላት የተላከ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አሜሪካ ውስጥ «ለትርፍ ያልተቋቋመ» ማለት አንድ ነገር ብቻ ማለት አይደለም። በግዛቱ መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ የፌደራሉ የግብር መስሪያ ቤት አይ.አር.ኤስ ከግብር ነፃ ነህ ማለቱ ሌላ ነገር ነው። ዳያስፖራው «ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ» እያለ የሚጠራው 501 ሲ 3 ለበጎ አድራጎትና ለትምህርት የቆመ ድርጅት ነው። የሰጠኸው ገንዘብ ከግብር ሊቀነስልህ ይችላል፤ ድርጅቱ ግን ሕግ ለማስቀየር መወትወት የሚችለው በልክ ነው፣ ለምርጫ እጩ መቀስቀስ ደግሞ ጭራሽ አይችልም። ሲ 4 የሚባለው ለሕግ እንደልቡ መሟገት ይችላል፤ ግን መዋጮህ አይቀነስልህም። ሲ 7 ደግሞ የመዝናኛ ክለብ ነው፤ እሱም አይቀነስም።

ስለዚህ «ሕጉን እንታገላለን፣ ቅዳሜ አብረን እናድናለን፣ መዋጮህም ከግብር ይቀነሳል» ብሎ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ቃል የሚገባ መስራች ሲገጥምህ፣ ወይ ነገሩ አልገባውም ወይ ገብቶት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልገባውም። ለክፋት የጀመረ ሰው ትንሽ ነው ብለን ነው የምናስበው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው የገረመን። ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት በየዓመቱ 990 የሚባል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ለሕዝብ ክፍት ነው። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንዲፈለግ አድርጎታል፤ የድርጅቱን ስም ጽፈህ ኃላፊው ስንት እንደሚከፈለው ከስልክህ ማየት ትችላለህ። ሙሉው ቅጽ ደስ የሚሉ ጥያቄዎች አሉት፦ ከቦርድ አባላቱ ስንቱ ገለልተኛ ነው? እርስ በርስ የሚዛመዱ አሉ? አንዱ ደግሞ በዘንድሮው ዓመት ከድርጅቱ ንብረት ጉልህ የሆነ ነገር ያለ አግባብ ሌላ ቦታ መዋሉን አውቃችኋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አስቡት፣ ራስህን የምታጋልጥበት ሳጥን ነው።

ግን ይሄ ሁሉ የሚመለከተው ትልልቆቹን ነው። በዓመት በተለምዶ ከ50,000 ዶላር ያልበለጠ የሚያስገባ ድርጅት የሚሞላው 990 ኤን የምትባል የኤሌክትሮኒክ ፖስት ካርድ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ የግብር ቁጥር፣ የአንድ ኃላፊ ስም፣ «ከ50,000 አልበለጥንም» የሚል ማረጋገጫ፣ በቃ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ወጣ የሚል ነገር የለም። አዲስ የሚቋቋም የውሻ ማህበር ደግሞ የት ነው የሚወድቀው? እዚሁ ነዋ። ፖስት ካርዷንም ቢሆን የማይሞላ ሞልቷል። በ2006 በወጣ ሕግ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልሞላ ድርጅት ከግብር ነፃ መሆኑ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። በ2011 አይ.አር.ኤስ የመጀመሪያውን የተሰረዙ ዝርዝር ሲያወጣ ወደ 275,000 ድርጅቶች ነበሩበት። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የከሰሙ ይሆናሉ፤ ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው።

«መንግስት ይቆጣጠረዋል» የሚለው ነገር እንግዲህ ለትንሹ ማህበር ብዙም አይሰራም። መስራቾቹ ራሳቸው ካላሳዩ የሚያይላቸው የለም።

«ታዲያ ትልቅ ቢሆን ይሻላል?» ካላችሁ፣ ኤን.አር.ኤን እዩ። ብሔራዊ የጠመንጃ ማህበር፣ በ1871 የተመሰረተ፣ አዳኞችም ብዙ የሚገኙበት ድርጅት። የቦርድ አባላቱ 76 ናቸው። ሰባ ስድስት! 990 ይሞላል፣ ኦዲተር አለው። ሆኖም በ2019 የወቅቱ ፕሬዝዳንት ኦሊቨር ኖርዝ ስለ ገንዘብ አወጣጡ ጥያቄ አነሳና ብዙም ሳይቆይ ከቦታው ወረደ። ይሄ የኛ ልጅ «ካላመንከን ተወው» እንደተባለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ኖርዝ ፕሬዝዳንት ነበር። በ2020 የኒውዮርክ ዋና አቃቤ ሕግ ሌቲሺያ ጄምስ ከሰሰች። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ድርጅቱ በ2019ኙ ቅጹ ላይ ያቺን ሳጥን «አዎ» ብሎ ሞላት። በየካቲት 2024 የኒውዮርክ ዳኞች ለብዙ ዓመታት የመራውን ዌይን ላፒየርን ጥፋተኛ ብለው ወደ 4.35 ሚሊዮን ዶላር ለድርጅቱ እንዲመልስ ወሰኑ። ችሎቱ ላይ የግል ጄት በረራና በድርጅቱ አቅራቢ ጀልባ ላይ ያሳለፈው እረፍት ሲነሳ ነበር። በሐምሌ ደግሞ ዳኛው ለአስር ዓመት በድርጅቱ ኃላፊነት እንዳይዝ አገደው።

76 ሰው ተቀምጦ ማለት ነው። እኛ እንደገባን የወንበር ብዛት ብቻውን አያድንም፤ አንድ ሰው ሲጠይቅ ሌሎቹ ምን ይላሉ የሚለው ነው ወሳኙ።

አሁን ወደራሳችን። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ እዚህ ገጽ ላይ ለአንድ ህጻን ህክምና የገንዘብ ማሰባሰቢያ አጋርተን ነበር። አካውንቱ የአስተባባሪው የግል ነበር። አልጠየቅንም፤ አሳዛኝ ፎቶ ነበር፣ ሰውየውንም በሰው በሰው እናውቀው ነበር። እናንተ አዋጣችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ስንት ደረሰ?» ብላችሁ ስትጠይቁን አስተባባሪውን ጠየቅነው። «አታምኑኝም?» አለን። ተሸማቀቅን። ድጋሚ አልጠየቅነውም። ብሩ ለህክምናው ውሎ ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳይ ነገር ግን እስከዛሬ አላገኘንም። ከዚያ በኋላ የእውነት የቸገራቸው አንዲት እናት ሲመጡና ስናጋራላቸው ከእናንተ የመጣው የመጀመሪያው ኮሜንት «እንደዚያኛው እንዳይሆን» የሚል ነበር። የዚያን ሰውዬ ዕዳ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። እኛም አለንበት።

ለዚህ ነው የልጁን መልዕክት ስናነብ ዝም ማለት ያልቻልነው። «አታምነኝም ወይ?» የሚለው ነገር አሜሪካም አለ ለካ።

ወደ ውሻው ስንመለስ አንድ ያልታየ ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ማህበራት የውሾችን ችሎታ ይፈትናሉ፣ ውጤት ይሰጣሉ። ለምሳሌ በ1969 የተመሰረተው ናቭዳ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ የአዳኝ ውሾች ማህበር ዋና ስራው ፈተና ነው። በፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ ውሻ ቡችላው ዋጋ ያወጣል። መስራቾቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ውሻ አርቢዎች ናቸው፤ ነገሩን የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ። አርቢ መሆናቸው ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ቦርዱ ላይ የተቀመጠው ሰው ቡችላ የሚሸጥ ከሆነና አባላት ያ ካልተነገራቸው፣ ከገንዘብ ያዡ አንድ ብር ሳይጎድል ማህበሩ የሱ ሱቅ ሆነ ማለት ነው። ሌብነት አትለው፣ ደረሰኝ የለው። ስለዚህ በጽሑፍ ይቀመጥ፦ ማን ምን ይሸጣል፣ በራሱ ጉዳይ ድምፅ ሲሰጥ ከስብሰባው ይወጣል ወይ።

ለልጁ የጻፍንለት ረጅም አልነበረም። የእድርን ነገር ነው ያስታወስነው። አያቶቻችን እድር ውስጥ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሦስት ሰው የሆኑት ስለማይተማመኑ አይደለም፤ ጎረቤታሞች ናቸው፣ አብረው ይቀብራሉ። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ሲያነብም ሰድባችሁኛል አይልም። እናም በማህበሩ ስም የባንክ አካውንት እስኪከፈት ብሩን አትላክ አልነው። ገንዘብ ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ ይጠየቅ እንደሆነ ጠይቅ። ማህበሩ ሲ 3 ነው፣ ሲ 4 ነው፣ ሲ 7 ነው? ማመልከቻው ገብቷል ወይስ «ይገባል» ነው? የ990 ኤን ፖስት ካርድ ብቻ የሚሞሉ ቢሆን እንኳ የዓመቱን ገቢና ወጪ አንድ ገጽ ላይ ጽፈው ለአባላት ለመላክ ደንቡ ውስጥ ያስገቡት ይሆን? ጥያቄውን ግን ግሩፕ ላይ አትጻፈው፤ ሰው ፊት የተጠየቀ ሰው ይደነግጣል። ደውልለት።

ደወለ። ገንዘብ ያዥ ሊሆኑ የታሰቡት ሽማግሌ «እኔም መጠየቅ ፈልጌ አፍሬ ነበር» አሉት። በማግስቱ ሦስት ገጽ ረቂቅ ደንብ በኢሜይል መጣለት። የቦርድ አባላት ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ አንድ ስም ብቻ አለ፤ የዜል አካውንቱ ባለቤት። የቀሩት መስመሮች ባዶ ናቸው። ስብሰባው የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ ልጁ 200 ዶላሩን እስካሁን አልላከም፤ ቢግሉን ይዞ ሊሄድ ነው።