ከጋኔን ጋር የሚዋዋል ዋስ ይጥራ

ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የሚመለስ ሰው፣ እንቅልፍ እስኪይዘው ስልኩ ላይ ተከታታይ ድራማ ቢያይ አይገርምም። ‹‹ሱፐርናቹራል›› ለዚህ ይመቻል፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 በ15 ሲዝን 327 ክፍል ታይቷል። ካዩት ሰዎች መሃል አንድ ክርክር ከተነሳ ግን ቶሎ አይበርድም፦ ጀግኖቹ ወንድማማቾች ሳምና ዲን ክፉ አጋሮቻቸውን ማመን ነበረባቸው ወይ?

ብዙ ተመልካች መልሱን የሚፈልገው ክፉው ልብ ውስጥ ነው። ‹‹ተለውጣለች እኮ!›› ይላል። ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው። ሩቢ የምትባለውን ጋኔን ማየት ይበቃል። ዲን ሲኦል በነበረበት ጊዜ ሳምን ያጽናናችው እሷ ናት። ከሞት አድናዋለች፣ ወገኖቿን ገድላለታለች፣ አልጋም ተጋርተዋል። ለመለወጧ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? አራተኛው ሲዝን ሲያልቅ ሳም ሊሊትን ገደለ፤ የመጨረሻው ማኅተም ተሰበረና ሉሲፈር ነፃ ወጣ። ሩቢ ከመጀመሪያው የለፋችው ለዚሁ ነበር። ሳም ያመናት ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ ሐዘንተኛ ሆኖ ነው። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የደረሰን ማን ይመረምራል?

ክራውሊ ሌላ ነው። ይህ ነፍስ የሚገዛ ነጋዴ ጋኔን፣ ሉሲፈርን ይገድላል የተባለውን ሽጉጥ ለወንድማማቾቹ ሲሰጥ ወዳጃችሁ ነኝ አላለም። ሉሲፈር ሰውን ከጨረሰ ቀጥሎ ተራው የእኛ የጋኔኖች ነው፣ ስለዚህ ይሙትልኝ ነው ያለው። ሽጉጡ አልሠራም፤ ምክንያቱ ግን እውነት ነበር።

እውነት መናገሩ ብቻውንም አይበቃም። ሽማግሌው አዳኝ ቦቢ ነፍሱን ለክራውሊ በብድር ሰጥቶ፣ በኋላ አልመልስም ተባለ። ያስመለሳት በልመና አልነበረም፤ የክራውሊን አጽም ስኮትላንድ ውስጥ አስቆፍሮ ‹‹አቃጥለዋለሁ›› ብሎ ነው።

ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። አገር ቤት ተካሳሽ ‹‹ዋስ ጥራ›› ሲባል ክፉ ነህ መባሉ አይደለም፤ ቃሉ ቢታጠፍ የሚጠየቅ እንዲኖር ነው። እስራኤል ውስጥም በሰው ኃይል አቅራቢ በኩል የገባ ሠራተኛ ከ9 ተከታታይ ወራት በኋላ የሚሠራበት ድርጅት ተቀጣሪ እንዲሆን ሕጉ ሲደነግግ፣ የአለቃውን ደግነት አልለካም። ደግ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነም ቀኑ ተጽፏል።

ክራውሊ በ12ኛው ሲዝን ሉሲፈርን ለማሰር ሲል ራሱን ስለገደለ፣ ‹‹መጀመሪያውኑ መታመን ነበረበት›› የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ነገር ግን ያ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው፣ ወንድማማቾቹ ደግሞ መወሰን የነበረባቸው ከዓመታት በፊት። ለነገሩ በስድስተኛው ሲዝን ከዚሁ ከክራውሊ ጋር በድብቅ ተዋውሎ ጉድ ያፈላው ወዳጃቸው መልአኩ ካስቲኤል ነበር። እሱን ዋስ የጠየቀው አልነበረም።