የሃይማኖት ጥያቄው ይቆይ፤ አጠያየቁ ይለወጥ

አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ ስለ ሃይማኖት የምንሟገተው ዛሬም በ1999 ዓ.ም. አኃዝ ነው፦ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.5 በመቶ። በ1987 ኦርቶዶክሱ 50.6፣ ፕሮቴስታንቱ 10.2 በመቶ ነበር። ማን በዛ፣ ማን አነሰ የሚለው ሙግት ከዚህ ይነሳል። አኃዙ ምን እንደለካ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ቆጣሪው ደጃፍ ሲደርስ ስለ ቤተሰቡ ሁሉ መልስ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ወይም እማወራዋ ነው። ጴንጤ መሆኗን ለአባቷ ያልነገረች ልጅ በቅጹ ላይ የአባቷን ሃይማኖት ይዛ ትቀራለች። የመካነ ኢየሱስ፣ የቃለ ሕይወትና የሙሉ ወንጌል አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ደግሞ «ፕሮቴስታንት» በሚል አንድ ረድፍ ተጠቃለዋል።

ስም ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን 78 በመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ሲናገሩ፣ ከሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን እንዲህ ያሉት 6 በመቶ ብቻ ናቸው። የጥያቄው አቀራረብም መልሱን ይለውጣል። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው ቆጠራ «ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» ተብለው ሃይማኖት የለኝም ያሉት ሩብ ያህል ነበሩ። በዚያው ዘመን በብሪታኒያ በተካሄደ የማኅበራዊ አመለካከት ጥናት ግን የአንድ ሃይማኖት አባል ነኝ ብለው ያስቡ እንደሆነ ከተጠየቁት አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ የለም ብለዋል።

ጥያቄው ጠብ ስለሚያጭር ከቅጹ ይውጣ የሚሉ አሉ። አንስማማም። አኃዝ በሌለበት ቦታውን የሚይዘው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ የስህተት መጠኑን አይናገርም።

ፍርዳችን ይህ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በቆጠራው አጭሩን ጥያቄ ያቆይ፤ መመለስ ለማይፈልግ ግን መብቱን በግልጽ ይስጥ። ውጤቱን ሲያወጣ ጥያቄው እንዴት እንደቀረበና ስለ ማን ማን እንደመለሰ ከሠንጠረዡ ጋር ያትም። ጥልቁን ጉዳይ፣ ማለትም ሰው በምን ሃይማኖት እንዳደገ፣ ዛሬ በየትኛው እንዳለና ምን ያህል እንደሚያዘወትር፣ በናሙና ጥናት እያንዳንዱን አዋቂ ለብቻው ይጠይቅ። አቅም የለም ማለት አይቻልም። መሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በነበረበት ዘመን ባካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶችንም ወንዶችንም በግል እያነጋገረ ሃይማኖታቸውን ጠይቋል።