«ቻይና አልማዝ ከለከለች» እያሉ ዲስክ ለሚያስወድዱባችሁ

ዛሬ ከጤፍና ከሲሚንቶ ወጣ ብለን ስለ ዳይመንድ ዲስክ እናውራ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ድንጋይና ሴራሚክ ቆራጮች ደጋግማችሁ ጽፋችሁልናል፤ ነጋዴው «ቻይና አልማዝ ከልክላለች» እያለ ይጨምርባችኋል።

ቻይና መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ አልማዝ ዱቄትና በአንዳንድ የአልማዝ መቁረጫዎች ላይ የኤክስፖርት ቁጥጥር ማውጣቷ እውነት ነው። ቁጥጥር ማለት ግን «ፈቃድ አውጥተህ ላክ» ነው እንጂ «አትላክ» አይደለም። እሱም ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 28፣ እስከ ኅዳር 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ እንዲቆም ተደረገ። ስለዚህ ይሄን ሰበብ አልቀበልም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን «ዶላር ጨምሯል» የሚለኝን ግን እሰማዋለሁ።

አልማዙ ራሱ ብርቅ አይደለም። ዲስካችሁ ጠርዝ ላይ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ያደገ ነው። ግራፋይት ከብረት፣ ከኒኬል ወይም ከኮባልት ጋር ተደርጎ፣ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት 50 ሺህ እጥፍ በሚበልጥ ግፊትና ወደ 1,400 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲታመቅ፣ ካርቦኑ በቀለጠው ብረት ውስጥ ሟሙቶ አልማዝ ሆኖ ይረጋል። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1954 ተሳካለት፤ ዛሬ አብዛኛው የሚመረተው ቻይና፣ በተለይ ሄናን ግዛት ነው። «ኦሪጅናል የማዕድን አልማዝ ነው» ብሎ የሚያስጨምራችሁን ሳቁበትና እለፉ።

ገንዘባችሁ የሚበላው አልማዙን በያዘው ብረት ነው። እንደ አንኮበር ጥቁር ድንጋይ ላለ ጠንካራ ነገር ለስለስ ያለ ማያዣ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የደነዘዘው አልማዝ ሳይረግፍ፣ አዲሱም ሳይወጣ ይቀራል። ዲስኩ ያብረቀርቃል እንጂ አይቆርጥም። (ያኔ አትጣሉት፤ ብሎኬት ላይ ጥቂት ቁረጡበት፣ ይከፈታል።) ብሎኬትና አሸዋማ ኮንክሪት ግን ማያዣውን ቶሎ ስለሚሞርዱት ጠንካራውን ግዙ። የመዘዞ ኦፓል የምትሞርዱ ደግሞ ውሃ አታጥፉ፤ ሙቀት ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል።

ሒሳቡ በሜትር ይሁን። ለምሳሌ የ1,000 ብሩ ዲስክ 40 ሜትር ቆርጦ ቢያልቅ፣ ሜትሩ 25 ብር ወጣ። የ1,800 ብሩ 120 ሜትር ከሄደ 15 ብር ነው። በካሬ ተዋውሎ ለሚሠራ ልጅ ይቺ 10 ብር የምሳው ናት።

የገዛችሁበትን ዋጋ፣ የድንጋዩን ዓይነትና ስንት ሜትር እንደሄደላችሁ ጻፉልን፤ ቅዳሜ አወዳድረን እንለጥፋለን።